የግራኟ ክርን

«ጓዲት፣ ለመሆኑ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ቀኝ የሆንሽው?»

ይህን ፊት ለፊቴ ያለኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽመልስ ነው፤ ያለኝም አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ባለበት፣ ከወረዳ የመጡት ካድሬ እግራቸውን አጣምረው በተቀመጡበት ነው። ለሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መፈክር ሲባል ሕዝቡ በሙሉ ግራ እጁን ጨብጦ ሽቅብ ሰደደ፤ እኔ ቀኜን። ያ ሁሉ ግራ እጅ በተተከለበት መሐል የእኔ ቀኝ ብቻዋን ቆማ ቀረች። ያን ሰሞን ቆቦ ያልነበራችሁ ሰዎች «ታዲያ ምናለበት፣ እጅ እጅ ነው» ትሉ ይሆናል። ያኔ እጅ እጅ አልነበረም። ግራ ማለት አብዮተኛ፣ ቀኝ ማለት አድኃሪ ነው፤ ሁለቱንም ሳያነሣ የቀረ ደግሞ መሐል ሰፋሪ ይባላል። እጅ የሌለው ሰው ምን ይባል እንደነበር ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

እኔን ያንገበገበኝ ስሙ አይደለም፤ ስሙ በእኔ ላይ መውጣቱ ነው። ከሮቢት እስከ ዋጃ ብትጠይቁ እንደ እኔ የታወቀች ግራኝ አልነበረችም። ግራኝ ሆኜ ነው የተወለድኩት። በእኛ አገር የግራ እጅ ሥራው የታወቀ ነው፣ ሰው ፊት አይነገርም። በግራ አይበላም፣ በግራ አይሰጥም፣ በግራ አይቀበሉም። እናቴ፣ እማ፣ ሕፃን ሆኜ በግራዬ በጎረስኩ ቁጥር በወጥ ማማሰያ ጣቴን ትመታኝ ነበር። አልመለስ ስላት አንድ ክረምት ሙሉ ግራ እጄን በነጠላ ጫፍ ከወገቤ ጋር አስራው ከረመች። አንደኛ ክፍል ስገባ አስተማሪው ከማማሰያው የጀመረውን በማስመሪያ ጨረሰው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሁለቱም እጄ እጽፋለሁ፤ በየትኛውም ብጽፍ አይነበብም።

እንግዲህ አብዮቱ ሲፈነዳ ከልቡ ደስ ያለው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ለአራሹ መሬቱ ተመለሰለት፣ ለእኔ ግራ እጄ ተመለሰችልኝ። ያቺ በነጠላ ታስራ የከረመች እጅ በአደባባይ «ከፍ በይ» ተባለች! እማ ራሷ፣ ያቺ በማማሰያ ስታሳድደኝ የኖረች ሴትዮ፣ አዳራሽ ገብታ ግራዋን ጨብጣ ስታነሣ ባይ ጊዜ፣ «እማ፣ ማማሰያው የታለ?» አልኳት። ጎኔን በክርኗ ጎሰመችኝ።

ታዲያ ይህች ጊዜ የወጣላት እጅ ምን ነክቷት ቀረች? እዚህ ላይ አዳራሹን ትተን ወደ ማሽላው እንሂድ። ጓድ ሽመልስም ጥያቄውን እንደጠየቀ ይቆይልን።

በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። የማትሪክ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ግን የማያስቀር ሆኖ መጣ። ደሴ ላይ ስሜ ወጣልኝ። ለመግባት የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ። ምዝገባው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ያለ ደብዳቤው የሄደ ከበር ይመለሳል፤ የተመለሰ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ማሽላ ድረስ ቆቦ ይቀመጣል። ቆቦን እወዳታለሁ። ነገር ግን ቆቦ በደንብ የምትወደደው ከአውቶቡስ መስኮት ነው ብዬ የማምንበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

እስከዚያው የእኔ ሥራ ወፍ መጠበቅ ሆነ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማሳችንን የምታሳርሰው እማ ናት፤ በሮቢት መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱን ተደግፎ የተኛ ማሳ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ትንሽ ወፍ ናት፤ አንዷን ብቻዋን ብታዩአት ታሳዝናችኋለች። ችግሩ አንዷን ብቻዋን አታዩአትም። ደመና ሆና ነው የምትመጣው። ከዞብል ተራራ በኩል ስትነሣ ዝናብ መጣ ብሎ የተሰጣ ልብሱን ያስገባ ሰው አውቃለሁ። ያ ደመና ማሳ ላይ አርፎ ሲነሣ የሚተርፈው አገዳ ነው፤ አገዳ ደግሞ ለከብት እንጂ ለሰው አይሆንም።

ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ ማግሥት ጀምሮ ማማ ላይ ወጣሁ። ማማ ማለት በአራት እንጨት ላይ የቆመ አልጋ ነው፣ ከላዩ የሣር ጥላ አለው። ከዚያ ላይ ሆኜ የማየው ነገር አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣል። ማሽላው ጠዋት ጤዛ ተሸክሞ ሲያቀረቅር፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሜዳውን እንደ ውሃ ሲያንቀጠቅጠው፣ በየማሳው ማማው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ከወገቡ በላይ ብቻ ሲታይ። የራያ ሜዳ በዚያን ጊዜ ባሕር ይመስላል፣ እኛ ደግሞ ጀልባችን የማይነቃነቅ ጀልበኞች።

መሣሪያዬ የአባቴ ወንጭፍ ነበረች። ራሱ የጠፈራት ናት፤ ገመዷ ሁለት፣ መሐሏ ድንጋይ የምትይዝ ለስላሳ ቆዳ፤ ከላብ ብዛት ጠቁራ የምታበራ። የአንዱን ገመድ ቀለበት መሐል ጣት ላይ ታጠልቃለህ፣ ሌላውን በአውራ ጣትህ ትይዛለህ፣ ሁለት ጊዜ ታዞራለህ፣ ከዚያ አንጓህን ነጠቅ አድርገህ ትለቃለህ። ጧ! አባቴም ግራኝ ነበር። ማንም በማማሰያ ሳይመታው የኖረ ብቸኛው ግራኝ እሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በግራው የወነጨፈው ድንጋይ የት እንደሚያርፍ ሁሉም ያውቅ ነበር።

እኔም በእጁ ወጣሁ። መኩራራት አይሁንብኝና፣ ድንጋዬ ከማሳችን ወዲያ ማዶ የተተከለች ግራር ድረስ ይደርስ ነበር። እሺ፣ ግማሽ መንገድ ድረስ። በቀን ምን ያህል እንደወነጨፍኩ አልቆጠርኩም፤ የቆጠሩት ጎረቤታችን አያ እንድሪስ ናቸው። የሳቸው ማማ ከእኛ ማማ ትይዩ ነበር፤ ነጭ ጢማቸውን በነፋስ እያስመቱ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር በጩኸት ያወራሉ። ከማማ ወደ ማማ ምስጢር የለም። የእኛ ወሬ ከሰዓት በፊት ሮቢት ይደርሳል፣ የሮቢት ደግሞ በጎብዬ በኩል ተሻሽሎ ይመለሳል።

«አንቺ አስተማሪ!» ይሉኛል፣ ገና ሳልሠለጥን። «እነዚህን ወፎች ምን አስተማርሻቸው? ከትናንት ዛሬ በዙ እኮ!»

«ዘመድ አምጡ አልኳቸው፣ አያ!»

«በይ እንግዲያው ሸኚያቸው! የእንግዳ ደጉ ሲሄድ ነው!»

ከዚያ ሁላችንም በየማማችን ዜማውን እንቀባበላለን፦

አንቺ ወፍ ተነሺ፣ ማሽላው የኛ ነው፤
ዋጃ ሰዉ ደግ ነው፣ እዚያ ሂጂ ቅመሺው።

የዋጃ ሰዎችም ስለ እኛ ደግነት በየማማቸው መመስከራቸው አይቀርም፤ ወፎቹ ሁልጊዜ ተመልሰው ይመጡ ነበርና።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የውሃ ጆግ ላነሣ እጄን ዘረጋሁ። ጆጉ ተነሣ፣ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ እኔ «ውይ!» ስል እሱ ወደቀ። ከግራ ክርኔ፣ ከውጭ በኩል ካለችው ጉብ ያለች አጥንት ላይ፣ አንድ ሰው የጋለ ወስፌ የሰካብኝ መሰለኝ። እጄን ሳሳርፋት ምንም የለም። ጨርቅ ልጭመቅ ስል፣ ወስፌው። የማሰሮ ክዳን ላነሣ ስል፣ ወስፌው። ቡጢ ልጨብጥ ስል ደግሞ ወስፌው ከነእጀታው። ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ ቢያንስ ትንሽ ቢላጥ ምን ነበረበት! ሰው የሚያዝንልህ ሲያይልህ ነው። የእኔ ሕመም ከውጭ አንድም ምስክር የለውም።

«ምች ነው» አሉ አያ እንድሪስ ከማማቸው። «ዳማከሴ አሺበት።»

ዳማከሴ አሸሁበት። ክርኔ እንደ አትክልት ቦታ ሸተተ፤ ሕመሙ ግን ሽታውን ወዶ ተቀመጠ።

«እንግዲያው በቀኝሽ ወንጭፊ! ቀኝ የተባረከ ነው!»

እኔ ደግሞ የሰው ምክር አልንቅም፤ ችግሬ ይኸው ነው። ወንጭፊቱን ለቀኜ አስረከብኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ነጠቅ። ድንጋዩ ወደ ፊት መሄድ ሲገባው ወደ ጎን ወጣና የአያ እንድሪስ ማማ ላይ የተንጠለጠለችውን የእርጎ ቅል ሁለት ቦታ ከፈላት። እርጎው በጢማቸው ላይ ሲወርድ ግሪሳዎቹ እንኳ ዝም አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ በጣታቸው ጢማቸውን እየጠረጉና እየላሱ። «ከሁለቱ ቅሎች ባዶው አይደለም የተመታው።»

ከዚያ እማ ወደ እትዬ ዘሃራ ወሰደችኝ። እትዬ ዘሃራ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው፤ ክንዳቸው የእኔን ጭን ያህላል። ክርኔን በቅቤ ሲያሹት ቆዩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ቢስሚላሂ» አሉና መንጨቅ! ቋ!

«ገባ!» አሉ።

«ምኑ ነው የገባው?» አልኩ እያለቀስኩ።

«የወጣው ነዋ!»

የወጣ ነገር ስላልነበረ የገባው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ሰሞን ግን ጆግ ቀርቶ የራሴን ነጠላ መሳብ አቃተኝ።

መጨረሻው ጤና ጣቢያ ነው። ድሬሰሩ አቶ አለባቸው ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ጋዋናቸው ከደረታቸው የሚጠብ፣ ቁጡ መስለው ቁጡ ያልሆኑ ሰው ነበሩ።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ ክርኔን እየነካኩ።

እዚህች ጋ ነው ያበላሸሁት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ስሜ ደሴ ተለጥፎ፣ «ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ አባርራለሁ» ማለት አፌ ላይ አልመጣም። «እጽፋለሁ» አልኩ።

«በግራሽ?»

«ግራኝ ነኝ።»

«በቀን ስንት ሰዓት?»

መዋሸቴ ላይቀር ብዬ፣ «ከንጋት እስከ ማምሻ» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች በአክብሮት አዩኝ። «እንግዲያው ጽሕፈት አቁሚ» አሉና የቁርጥማት ክኒን ሰጥተው ሸኙኝ። እኔም ትእዛዝ አከባሪ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። ከጽሕፈት የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ ለወንጭፉ ሰጠሁ። ጥርሴን ነክሼ እወነጭፋለሁ፣ ክኒን እውጣለሁ፣ እወነጭፋለሁ። ክርኔ ያን ሳምንት ያለችኝን ብጽፈው ሳንሱር አያልፍም።

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ። ጓድ ሽመልስ ጥያቄውን ጠይቆ ቆሟል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ግራዬን አሞኝ ነው» አልኩ።

«ምንሽን?»

«ክርኔን።»

«እስቲ አሳዪ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የእትዬ ዘሃራ ቅቤ ገና ያበራል። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ፤ ምንም የለም። ለስላሳ፣ ወዛም፣ የሙሽራ እጅ።

«ይህ እጅ ምን ሆነ?»

«የተቀባ እጅ ነው፣ ጓድ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው አልሳቁም፤ ከኪሳቸው ማስታወሻ አወጡና አንድ ነገር ጻፉ። ጓድ ሽመልስ የብዕሩን ድምፅ ሲሰማ ግንባሩ ረጠበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፣ የመጀመሪያ ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው ፊት የተጻፈ ነገር ያስፈራ ነበር።

«የድጋፍ ደብዳቤሽ ይቆያል» አለ ድምፁን አጎርንኖ። «ቀኝ እጅን ደግፈን ደብዳቤ መጻፍ አንችልም። ወይ ግለ ሂስ አዘጋጂ፣ ወይ ከሐኪም ወረቀት አምጪ!»

ሮጥኩ። ጤና ጣቢያ ስደርስ አቶ አለባቸው መዝገባቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«ጸሐፊዋ!» አሉኝ። «አልተሻለሽም?»

«ባሰብኝ።»

«ጽሕፈት አቆምሽ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

ግራ እጄን ሳቡና መሐል ጣቴን ገለበጡት። ሥሩ ላይ ገመድ የበላው ቀለበት የሚያህል ጠባሳ አለ። «ይህ የብዕር ነው?» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ እኮ የገበሬ ልጅ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ማማ ላይ ያደግኩ። ምን አሳፈረሽ? እኔን ያስተማረኝ ማን መሰለሽ? ያ ከወፍ የተረፈው እህል ነው።» ይህን ብለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ጆግ ወደ እኔ ገፉት። «ክንድሽን ዘርግተሽ፣ መዳፍሽን ወደ ታች አድርገሽ አንሺው።»

«ይወድቅብኛል።»

«አንሺው ስልሽ!»

አነሣሁት። ወደቀ። መዝገባቸው ላይ። ያን ሳምንት የታከሙ ሰዎች ስም ሁሉ በሰማያዊ ቀለም ጎርፍ ተወሰደ። እሳቸው ግን መዝገቡን ሳይሆን እኔን እያዩ «ይኸዋ!» አሉ፣ የጠፋ በግ እንዳገኘ ሰው። «አሁን ደግሞ መዳፍሽን ወደ ላይ ገልብጠሽ ከሥሩ አንሺው።» አነሣሁት። ወስፌው የለም!

ከዚያ አስረዱኝ። ሕመሙ ክርን ላይ ይጮኻል እንጂ ጥፋቱ የጭብጥና የአንጓ ነው። አንጓን ሽቅብ የሚስቡት ጡንቻዎች በጅማት ተሰብስበው የሚታሰሩት እዚያች ጉብ ያለች አጥንት ላይ ነው። በጨበጥኩ ቁጥር፣ አንጓዬን በነጠቅሁ ቁጥር ያቺ ጅማት ትሳባለች። «የጉድጓድ ገመድ አይተሻል? የሚሳሳው ከቋጠሮው አጠገብ ነው። አንድ ቀን ብትጎትቺው ምንም አይለው። ቀን በቀን፣ ያለ ዕረፍት፣ በአንድ በኩል ብቻ ስትጎትቺው ግን ክሩ መበጠስ ይጀምራል። አልወለቀም፣ ምችም አይደለም፣ ቁርጥማትም አይደለም። ያንቺ ክርን ሥራ በዝቶበታል።»

«መድኃኒቱስ?»

«መተው።»

«ሌላስ?»

«መጀመሪያ መተው። ሲጠዘጥዝሽ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርጊበት። ማንም እንዳይጎትተው። ማንኛውንም ዕቃ መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ አንሺ። ጥዝጣዜው ሲበርድልሽ ደግሞ ትንሽ ነገር ያዢና አንጓሽን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ዝቅ እያደረግሽ አለማምጂው። ጅማት በዕረፍት ይድናል፣ በልምምድ ይጠነክራል።»

«በስንት ቀን?»

«ሳምንታት። ወራትም ሊሆን ይችላል።»

«ምዝገባዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው!»

«ጅማት ምዝገባ አያውቅም» አሉ። ከዚያም ከክርኔ በታች የምታጠብቅ ጠፍር ያስፈልጋል አሉ፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ የለውም። ዓይናቸው መቀነቴ ውስጥ የተሸጎጠችው ወንጭፍ ላይ አረፈ። «ቆዳዋ ጥሩ ነበረች» አሉ።

«የአባቴ ናት።»

«አላስገድድሽም።»

ከመቀነቴ አወጣኋት፣ መልሼ ሸጎጥኳት። በስተመጨረሻ ወንጭፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። በመቀስ መሐሏን ቆረጡና፣ ከክርኔ ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው ክንዴ ላይ አሰሩልኝ። ቆዳዋ ገና የማሳ ላብ ትሸታለች። ገመዶቿን ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

ወረቀቱንም ጻፉልኝ፣ ማኅተም መቱበት። እየበረርኩ ለጓድ ሽመልስ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የጅማት ሕመም ስላለባት ለጊዜው ግራን እንድታሳርፍ፣ መጨበጥም እንድትተው ታዟል።» ቀና አለ። እንደገና አነበበ። በሩን ሄዶ ዘጋው።

«ግራን ማሳረፍ?» አለኝ በሹክሹክታ። «መጨበጥ መተው? አንቺ፣ ይህ የሐኪም ወረቀት ነው ወይስ በራሪ ወረቀት?»

«ክርኔን ነው እኮ የሚለው!»

«ክርን የሚል የት አለ? "ጅማት" ነው የሚለው! ይህን ፋይል ውስጥ ባስገባው እኔና አንቺ አብረን ነው የምንገባው።» አራት አጠፈና መልሶ እጄ ውስጥ ከተተው። «ስሚኝ፣ የእህቴ ልጅ ብትሆኚም ከዚህ የተሻለ አልመክርሽም። የሚቀጥለው ስብሰባ ከጉዞሽ በፊት ባለው ቀን ነው። ሕዝብ ፊት ግራሽን ጨብጠሽ አንሺ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ እዚያው ማኅተሙን እመታለሁ።»

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ክርኔን እንደ ጨቅላ አቀፍኳት። ሁሉን ነገር መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ አነሣለሁ፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ዕቃ የተሸከምኩ ሳይሆን ስጦታ የምቀበል ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት አንድ ቡጢ የምታህል ድንጋይ ይዤ አንጓዬን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ። አያ እንድሪስ ሲያዩኝ «ድንጋዩን ልታስተኚው ነው?» ይሉኛል።

ማማው ላይ የወጣችው እማ ናት። ወንጭፍ የለ፤ ባዶ ቆርቆሮ ይዛ ወጣች፣ መምቻዋ ደግሞ ያ የወጥ ማማሰያ! ጣቶቼን ያሳደገው ማማሰያ ግሪሳ ሲያባርር ከሥር ቆሜ አየሁ። አያ እንድሪስም አንዱን ድንጋይ ለራሳቸው፣ አንዱን ለእኛ ማሳ ይወነጭፋሉ። አንድ ቀን እማ ቆርቆሮዋን አቁማ ቁልቁል አየችኝና፣ «ያኔ ያቺን እጅሽን ባላስራት ኖሮ ትጠነክር ነበር ይሆን?» አለችኝ።

«እማ፣ ወፎቹ!» አልኳት። ቆርቆሮው ተንኳኳ።

ስብሰባው ደረሰ። ሻንጣዬ ታስሯል፣ አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ነው፣ ደብዳቤው ተጽፎ ጓድ ሽመልስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ማኅተሙ አጠገቡ ቆሟል። ካድሬው የሉም። እማና እትዬ ዘሃራ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ አያ እንድሪስ ከወፍ የተረፈ እንቅልፋቸውን ግድግዳ ተደግፈው ይተኛሉ።

«ጓዲት፣ ቀጥዪ» አለ ጓድ ሽመልስ።

ቆምኩ። ጠፍሬን አጠበቅሁ። ግራዬን ጨብጬ ማንሣት ጀመርኩ። ወገቤ ድረስ ሰላም ነው። ደረቴ ጋ ስትደርስ አንዴ ነዘረችኝ። ትከሻዬ ጋ ያ ወስፌ ከነእጀታው መጣ! ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ተከፈቱ፤ አንጓዬ የሦስት ሳምንት ልማዱን አስታወሰና ተገለበጠ። እጄ መዳፏን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ ተዘርግታ፣ አየር ላይ ቀረች።

በእኛ አገር መዳፍ ወደ ላይ ከተዘረጋ ዱዓ ነው። ማን እንደዘረጋው፣ ስለምን እንደዘረጋው በኋላ ነው የሚጠየቅ። አያ እንድሪስ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ፣ መዳፌን አዩ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አሚን!» አሉ።

«አሚን!» አለ አዳራሹ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ስንት መቶ መዳፍ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ። እኔ ምን እንደለመንኩ የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ። ዱዓ ከተከፈተ ደግሞ ሽማግሌ ነው የሚያደርሰው፤ አያ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግሪሳውን ከዞብል ማዶ ያስቀርልን!»

«አሚን!»

«ማሽላውን ለጎተራ ያብቃልን!»

«አሚን!»

«ይችን ልጅ፣ ቅሌን ብትሰብርም፣ መንገዷን ያቅናላት! አስተምራ የምትበላ ያድርጋት!»

«አሚን!»

ይህ የመጨረሻው አሚን ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው ከመድረኩ ነው። ጓድ ሽመልስ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በልጅነቱ ድምፅ ነው ያለው። ዓይኑን ሲገልጥ የት እንዳለ ትዝ አለው። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው፤ በመጨረሻ ፊቱን ጠረገባቸው።

«ስብሰባው...» አለ። «ይህ ግን... ጓዶች፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሽመልስ» አሉ እትዬ ዘሃራ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ያን ክንዳቸውን አጣምረው። ጓድም አላሉት። «መንገዷን ያቅናላት ሲባል አሚን ብለሃል። ሰምቼሃለሁ። አሚን ያልክበትን መንገድ ራስህ ልትዘጋ ነው?»

 ጓድ ሽመልስ እኔን አየ፣ አያ እንድሪስን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ ማኅተሙን አነሣና ደብዳቤው ላይ ጧ! አደረገው። እንዲያ ያለ ድምፅ ከአባቴ ወንጭፍ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

«ግራ ክንዷን አንሥታለች» አለ ለጸሐፊው። «ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ። መዳፉን አትጻፍ።»

በማግሥቱ ጠዋት ከእማ ጋር ማሳችን ዳር፣ አስፋልቱ ላይ ቆምን። እማ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ በግራዬ ተቀበልኳት፣ ምንም አላለችኝም። ክንዴ ላይ ያለችውን ጠፍር ነካ አደረገቻት፣ ፈታችና እንደገና አሰረቻት።

«ጠበቀ?» አለችኝ።

«ደህና ነው።»

ከዞብል በኩል ደመናው ተነሣ። እማ ቀና ብላ አየች፣ ሁለት ጊዜ ሳመችኝ፣ ማማሰያዋን ይዛ ወደ ማማው ሮጠች።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ ከቆቦ በኩል ብቅ አለ።

«አንቺ አስተማሪ!» አሉ አያ እንድሪስ ከማማቸው። «ደሴ ቅል ካለ ላኪልኝ!»

«እልካለሁ፣ አያ!»

«በቀኝሽ እንዳትወረውሪው!»

ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ጎብዬ! ወልድያ! ደሴ!» አለ። እማ ማማው ላይ ደርሳ ቆርቆሮዋን መምታት ጀመረች። ጎንበስ አልኩና ሻንጣዬን መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ከሥሩ አነሣሁት፣ ገባሁ።